በመስከረም «መልካም ክረምት»፦ ከፍጥሞ ደሴት የተጻፈ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ መስከረም 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ግሪክ አገር፣ ፒሬየስ ወደብ ስደርስ ወደ ፍጥሞ የሚሄደው መርከብ የኋላ በሩን ዘርግቶ የጭነት መኪኖችን እያስገባ ነበር። ዱቄት፣ የታሸገ ውኃ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የፍየል መኖ። ሰው ግን ጥቂት ነው። በሐምሌና በነሐሴ መቆሚያ ይጠፋበታል የሚባለው ሰገነት ላይ አግዳሚ ወንበሮቹ ባዷቸውን ተደርድረዋል። ቦርሳዬን አጠገቤ አስቀምጬ ጥጉን ያዝኩ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተነሣን። ጉዞው ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ደሴቲቱ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት አቋራጭ የለም። ጳጳሱም፣ ሐኪሙም፣ የድንች ጆንያውም በባሕር ነው የሚገቡት።

አያቴ መሪጌታ ነበሩ። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ራእየ ዮሐንስን ሲያነቡ እግራቸው ሥር ተቀምጬ አዳምጥ ነበር። «ፍጥሞ በምትባል ደሴት ነበርሁ» ከሚለው ቃል ሲደርሱ ጥቂት ቆም ይሉና ወደ ውጭ፣ ወደ ጨለማው ይመለከታሉ። እኛ ደሴት ብለን የምናውቀው የጣናን ነው፤ ደን የሸፈነው፣ ወፍ የሚጮኽበት። ፍጥሞ ግን በእኔ ልብ ውስጥ ሣር የማይበቅልባት፣ አውሬው ከባሕር ሲወጣ የሚታይባት ጥቁር ድንጋይ ነበረች። ሰው ልብሱን አጥቦ የሚያሰጣባት፣ ልጅ ቦርሳ አንግቦ ትምህርት ቤት የሚሄድባት ምድር ትሆናለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ፍራንክፈርት ከገባሁ 11 ዓመት ሆነኝ፤ ዘንድሮ የተረፉኝን የዕረፍት ቀኖች ሰብስቤ የተነሣሁት ያችን የልጅነት ድንጋይ በዓይኔ ለማየት ነው።

መልቴሚ የሚሉት የበጋው የሰሜን ነፋስ ጉልበቱን ጨርሶ ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ረግቷል። እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከፊታችን መብራቶች ታዩ፤ ከሁሉም በላይ በተራራው አናት ላይ በብርሃን የተከበበ ትልቅ ግንብ። ከጎኔ የነበረች እናት የተኛ ልጇን በአንድ ክንዷ እንዳቀፈች አማተበች። እኔም አማተብኩ። እሷ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እኔ ከግራ ወደ ቀኝ።

እሑድ፣ መስከረም 12

ያረፍኩበት ቤት ከወደቡ ከተማ ከስካላ በላይ፣ ደረጃ ደረጃ እያለ በሚወጣ ጠባብ መንገድ ዳር ነው። ባለቤቷ 78 ዓመት የሞላቸው፣ ጥቁር የለበሱ ቀጭን ሴት ናቸው። ግሪኮች እንዲህ ያሉትን ሴት «ኪሪያ» ብለው ይጠራሉ፤ እመቤት እንደማለት ነው። ጀርመንኛ እንደሚናገሩ ስሰማ ተገረምኩ። እ.ኤ.አ. በ1960 ጀርመንና ግሪክ የሠራተኛ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ ከሄዱት ብዙ ሺህ ሰዎች አንዷ ኖረዋል። ሽቱትጋርት ፋብሪካ ውስጥ 14 ዓመት ሠርተው፣ በዚያ ገንዘብ ይህን ቤት አሠርተው ተመለሱ። እኔም እሳቸውም የሁለታችንም ባልሆነ ቋንቋ፣ እያንዳንዳችን በተማርንበት ድካም መጠን፣ ተግባባን።

«ስንት ዓመት ሆነህ እዚያ?» አሉኝ።

«11።»

«እናትህ አለች?»

«አሉ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ከጓሮው የበለስ ዛፍ የተለቀሙ፣ ሸምበቆ ላይ ተዘርግተው ፀሐይ ያደረቃቸውን ፍሬዎች በሳሕን አቀረቡልኝ። ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም። በሰው አገር የኖረ ሰው ሁለተኛውን ጥያቄ መቼ መተው እንዳለበት ያውቃል።

ከሰዓት በፊት ወደብ ወረድኩ። ዓሣ አጥማጆች ቢጫ መረባቸውን መሬት ላይ ዘርግተው፣ አንዱን ጫፍ በእግራቸው አውራ ጣት ወጥረው የተበጠሰውን ይጠግናሉ። ድመቶች በተርታ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከጎናቸው በቅስት የተሠራ ደልደል ያለ ሕንፃ አለ፤ የጣሊያን ሥራ ነው። እዚህም ጣሊያን ነበር። ዶዴካኒስ የሚባሉትን፣ ትርጉሙ አሥራ ሁለቱ ደሴቶች ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ከኦቶማኖች ወስዶ እስከ 1943 ገዛቸው። ከግሪክ ጋር በይፋ የተቀላቀሉት በ1948 ነው።

ቡና ቤቱ በር ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ወንበር ሳቡልኝ። ሰው ሁሉ «ባርባ» ይላቸዋል፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው። ከኢትዮጵያ መሆኔን የቡና ቤቱ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲያስተረጉምልኝ ፊታቸው በራ። በወጣትነታቸው የጭነት መርከብ ላይ ሠርተው አሰብ ደርሰዋል፤ ሙቀቱንና በባሕሩ ዳር የተከመረውን ነጭ ጨው ያስታውሳሉ። ከዚያ አባታቸውን አነሡ። በሙሶሊኒ ዘመን አባታቸው ትምህርት ቤት በጣሊያንኛ እንዲማሩ ተገድደው፣ ግሪክኛውን ማታ ከቄስ ተምረዋል። እኔም በተራዬ አያቴ በ1929 ዓ.ም. ከተቃጠለ ቤታቸው ዳዊታቸውን ብቻ ይዘው ዋሻ መግባታቸውን ነገርኳቸው። ልጁ ይህን ሲያስተረጉም ባርባ እጄን ያዙና ለጥቂት ጊዜ አልለቀቁም።

ቡናው ብሪኪ በምትባል እጀታዋ ረዥም በሆነች ትንሽ ዕቃ ይፈላል፤ አተላው ከሲኒው ሥር እስኪዘቅጥ ይጠበቃል። እንደ ጀበናው ቡና ጊዜ የሚጠይቅ ነው፤ ስለዚህም ወደድኩት።

ስነሣ ባርባ እጃቸውን አንሥተው «ካሎ ሂሞና!» አሉኝ። ከዚያ በፊት የዳቦ ሻጯም ይህንኑ ብላኛለች። ማታ ኪሪያን ትርጉሙን ጠየቅኳቸው።

«መልካም ክረምት» አሉ። «በጋው ሲያልቅ፣ ሰው ሁሉ ከሰው ሁሉ ጋር እንዲህ ይባባላል።»

ከ11 ቀን በፊት እናቴ በስልክ «እንኳን ከክረምት ወደ በጋ በሰላም አሸጋገረህ» ብላኝ ነበር።

ሰኞ፣ መስከረም 13

ከስካላ ወደ ላይ የሚያወጣ በድንጋይ የተነጠፈ የድሮ የእግርና የአህያ መንገድ አለ። መኪናው በሌላ በኩል ይዞራል። ሁለቱ ዳሮች ደርቀው አመድ መስለዋል፤ ነገር ግን ስትረግጠው ምድሩ ይሸታል። ጎንበስ ብዬ ቆረጥኩ፤ ጦስኝ ነው። ደርቆም ሽታውን አልተወም። ከድንጋዩ መካከል ደግሞ አንድም ቅጠል የሌለው፣ ከወገቤ የሚደርስ ቀጥ ያለ ዘንግ ላይ ነጭ አበባ ያንዠረገገ ተክል በየቦታው ቆሟል። ዝናብ ሳይጠብቅ፣ መሬቱ እንደ ሸክላ በደረቀበት ሰዓት፣ እንደ ሽንኩርት ባለው ሥሩ ካጠራቀመው ውኃ ብቻ የሚያብብ ነው። ግሪኮች ይህን ሥር ለአዲስ ዓመታቸው ነቅለው በበራቸው ላይ ይሰቅላሉ። አደይ አበባ ዝናብ ጠግቦ፣ ይህ ዝናብ ናፍቆ፤ ሁለቱም በመስከረም።

የራእዩ ዋሻ በስካላና በላይኛው ከተማ በሖራ መካከል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ስደርስ ሁለት ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ወደቡ ላይ ቆመው ስለነበር፣ ደረታቸው ላይ ቁጥር የለጠፉ ጎብኚዎች ደረጃውን ሞልተውታል። ተመልሼ ጥድ ሥር ተቀመጥኩ። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ሁሉም ወደ አውቶቡሳቸው ሄዱ፤ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ገባሁ።

ወደ ታች ትወርዳለህ። በቅድስት ሐና ስም የተሠራች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ከዋሻው ጋር ተያይዛለች፤ በአንድ በኩል የሰው እጅ ያነጸው ግድግዳ፣ በሌላው ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ያልተጠረበ ዐለት። ጣሪያው ላይ ዐለቱ በሦስት ተሰንጥቋል፤ ድምፁ በመጣ ጊዜ የተሰነጠቀው ነው፣ ሦስት መሆኑም የሥላሴ ምሳሌ ነው ይላሉ። ከወለሉ አጠገብ በብር የተከበበ ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ ሐዋርያው ራሱን ያሳረፈበት። ከበላዩ ሲነሣ የሚይዘው ሌላ ጎድጓዳ። ከዚያ ደግሞ ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ የሚሰማውን የጻፈበት የዐለት ጠርዝ።

ያቆመኝ ይህ የእጅ መያዣ ነው። አንድ ሽማግሌ ከድንጋይ ላይ ሲነሣ ድንጋይ ይይዛል። አያቴ ከመደባቸው ሲነሡ ሁልጊዜ ያንኑ የምሰሶ ጎን ይይዙ ስለነበር ምሰሶው እዚያ ቦታ ላይ ለስልሶ ጠቁሮ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ዮሐንስ ቁጽረ ገጽ ነው፤ ከመስቀሉ ሥር ያየውን ሐዘን ዕድሜውን ሙሉ በፊቱ የተሸከመ። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው እንደነበረ ግን ዛሬ ነው ያሰብኩት።

በሩ አጠገብ ሻማ የሚሸጡት መነኩሴ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ኤትዮፒያ» ስላቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ወደ ዐለቱ እየጠቆሙ በግሪክኛ ሲናገሩ ከቃላቸው ሁሉ አንዱ ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ «አፖካሊፕሲስ»። አቡቀለምሲስ! አያቴ «ዮሐንስ አቡቀለምሲስ» ሲሉ፣ እኔ አቡቀለምሲስ የአባቱ ስም ይመስለኝ ነበር። ቃሉ ከዚህ ባሕር ተነሥቶ፣ በዐረብኛ አፍ አልፎ፣ ግእዝ ውስጥ ገብቶ፣ ጎጃም ድረስ ሄዶ የአንድ ልጅ ጆሮ ውስጥ ኖሯል። ጮክ ብዬ «አቡቀለምሲስ» አልኩ። መነኩሴው ደገሙት፤ «አቡ-ቀለምሲስ»። ከዚያ የሻማውን ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 14

ሖራ። ነጫጭ ቤቶች የቅዱስ ዮሐንስን ገዳም ዙሪያውን ተጠግተው፣ ጫጩቶች በእናታቸው ክንፍ ሥር እንደሚሸሸጉ ሆነው ተቀምጠዋል። ገዳሙ ራሱ ነጭ አይደለም፤ እንደ ምሽግ የተገነባ፣ ጥርስ ያለው ግራጫ ግንብ ነው። የባሕር ወንበዴ ለዘመናት የዚህ አገር ስጋት ነበር።

የመሠረቱት መነኩሴ ክሪስቶዱሎስ ይባላሉ፤ ስማቸው በእኛ አነጋገር ገብረ ክርስቶስ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1088 የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ አሌክሲዮስ ኮምኔኖስ ደሴቲቱን በሙሉ፣ ከግብር ነፃ፣ ለእሳቸው ሰጠ። ያ ደብዳቤ ዛሬም በገዳሙ ሙዚየም አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በቀይ ቀለም የፈረመበት ረዥም ጥቅል። ፊቱ ቆሜ የእኛን ነገሥታት የርስተ ጉልት ጽሑፎች አስታወስኩ፤ ከወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ የሚጻፉትን፣ የሚደፍረው ሰው እንዲረገም የሚያዝዙትን። መሥራቹ በመጀመሪያ ሴት ወደ ደሴቲቱ እንዳትገባ ደንግገው ነበር፤ ደብረ ዳሞ ዛሬም እንደሚጸና ሥርዓት። ግን ግንቡን የሚሠሩት ግንበኞች ቤተሰብ ነበራቸው። ሥርዓቱ ላልቶ ሴቶችና ልጆች ገቡ፤ ከእነርሱም መንደሩ ተወለደ።

ገዳሙ ከያዛቸው መጻሕፍት መካከል በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ፣ ሐምራዊ በተነከረ ብራና ላይ በብር ቀለም የተቀረጸ ወንጌል 33 ቅጠሎች አሉ፤ የማርቆስ ወንጌል ክፍል ናቸው። የመጽሐፉ ትልቁ ክፍል ሴንት ፒተርስበርግ ነው ያለው። አያቴ ብራና ሲፍቁ አይቻለሁ፤ የፍየሉን ቆዳ በእንጨት ፍሬም ወጥረው፣ በድንጋይ እየፈተጉ፣ ጠጉሩንና ሞራውን ሲያስለቅቁ እጃቸው ይቆስል ነበር። ስለዚህ ብራና ስመለከት የሚታየኝ መጀመሪያ ጽሑፉ ሳይሆን የሠራተኛው ጣት ነው።

የንፋስ ወፍጮዎቹን ከውጭ ብቻ አየሁ። ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ በ1588፣ ሦስተኛው በ1863 እ.ኤ.አ. የተሠሩ። ወደ ስካላ የወረድኩት ከትምህርት ቤት ከሚመለሱ ልጆች ጋር ነው። የትምህርት ዘመናቸው በዚሁ ወር ስለተከፈተ ቦርሳቸው ገና አዲስ ነው። የነሐሴው ጫጫታ ሲወጣ መንገዱን የሚረከቡት እነዚህ ናቸው፤ ሦስት ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ደሴት እርስ በርስ የምትተዋወቅበት ጊዜ።

ረቡዕ፣ መስከረም 15

ጠዋት ኪሪያ መጥረጊያ ይዘው ወደ ጣሪያ የሚያወጣውን ደረጃ ሲጀምሩ አየሁና ከእጃቸው ወሰድኩ።

«አንተ እንግዳ ነህ» አሉ።

«እናቴ ብታይ ምን ትለኛለች?»

ለቀቁልኝ። ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ነጭ ኖራ የተቀባ፣ ወደ አንድ ጥግ በትንሹ ያዘነበለ ነው። በጥጉ ያለው ቀዳዳ በቱቦ ወደ ጓሮ ይወርዳል፤ ከጓሮው ድንጋይ ሥር ስቴርና የሚሉት የውኃ ጉድጓድ አለ። ይህ ቤት የዘነበለትን ውኃ ሁሉ እዚያ ያስቀምጣል። ስለዚህ ከዝናቡ በፊት ጣሪያው ይጠረጋል፦ የበለስ ቅጠል፣ የወፍ ኩስ፣ ነፋስ ከደቡብ ያመጣው ቀይ አቧራ። ኪሪያ ከታች ሆነው ያዝዙኛል። ጥጉን፣ ጥጉን፣ አሁንም ጥጉን!

«የመጀመሪያው ዝናብ የእኛ አይደለም» አሉ ሲያስረዱኝ። «ጣሪያውን ያጥብና ወደ መንገድ ይፈስሳል። ቀዳዳውን በጨርቅ እደፍነዋለሁ። የምንጠጣው ሁለተኛውን ነው።»

ክዳኑን አንሥተው አሳዩኝ። ጠጠር ጣልኩበት። ድምፁ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ደግሞም የጥልቅ ውኃ ድምፅ አልነበረም። ያለፈው በጋ ግሪክ ከለካቻቸው በጋዎች ሁሉ የበረታ ሙቀት የታየበት ነው፤ ጎረቤት ደሴት ሌሮስ በውኃ እጥረት የተነሣ የአስቸኳይ ጊዜ እስከ ማወጅ ደርሳለች። ኪሪያ የሳሕን ማጠቢያውን ውኃ ለበሶብላቸው ያጠጣሉ፤ ፊታቸውን የታጠቡበትን ለበለሱ። በዚህ ቤት ሁለት ጊዜ ሳይሠራ የሚደፋ ውኃ የለም። እኔ ደግሞ በነጋ በጠባ ቧንቧ ከፍቼ የምረሳ ሰው ነኝ፤ በገጠር ያደግኩ፣ ከምንጭ በእንስራ ውኃ የተቀዳልኝ ልጅ! አፈርኩ።

ምሳ አብረን በላን። ረቡዕ ስለሆነ እሳቸውም እኔም እንጾማለን። ፋቫ የሚሉት የአተር ክክ ወጥ ቀረበ፤ በርበሬም እርድም የለበትም እንጂ ከእናቴ አልጫ ክክ ጋር የእኅትና የወንድም ልጅ ነው። በወይራ ዘይት የተቀቀለ የዱር ቅጠል፣ ሽምብራ፣ ዳቦ። ከዚያ በትልቅ ሳሕን በሆምጣጤ የተሠራ ኦክቶፐስ አመጡ። ጥቂት አመነታሁ።

«ኒስቲሲሞ ነው» አሉ፤ የጾም ነው ማለታቸው ነው። «ደም የለውም።»

በእኛ ቤት ከባሕር የሚወጣ ነገር ለጾም አይቀርብም ስላቸው ከልባቸው አዘኑ፤ ለእኔ ሳይሆን ለአገሬ ሰዎች። «እና በጾም ቀን ምን ያስደስታችኋል?» አሉኝ። ሽሮ ነገርኳቸው። በዝርዝር ነገርኳቸው፤ የሽንኩርቱን ቁሌት፣ የበሶብላና የኮረሪማውን መዓዛ፣ ሲንተከተክ የሚሰማውን ድምፅ። በሶብላ የሚለውን ለማስረዳት ከመስኮቱ ላይ ካለው ማሰሮ ቅጠል ቆረጥኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው በሶብላን የሚተክሉት ለሽታውና ለመስቀል በዓል ነው፤ ምግብ ውስጥ ሲገባ ማሰብ ቸገራቸው።

የግሪኮች የመስቀል በዓል መስከረም 4 ቀን አልፏል፤ የዛሬው ዋዜማ የዮሐንስ ነው። በእነርሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 26 ሐዋርያው ከዚህ ዓለም የተለየበት ቀን ነው፤ እኛ ጥር 4 የምናከብረው። ማምሻውን ደሴቲቱ ሁሉ ወደ ላይ ወጣች። ኪሪያ በጎረቤት መኪና፣ እኔ በድንጋዩ መንገድ። ግንቡ በር ላይ ስደርስ አንድ መነኩሴ ረዥም ሳንቃ ትከሻው ላይ አድርጎ በመዶሻ ይመታው ነበር፤ ደረቅ፣ ፈጣን፣ ልብን የሚያነቃ ምት። ታላንቶ ይሉታል። በገጠር ገዳሞቻችን የሚመታው የድንጋይ ደወል ድምፅ ከሆዴ ውስጥ መለሰለት።

ቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ነው፤ ሕዝቡ አደባባዩን ሞልቶ ቆመ። ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፣ እልልታ የለም፤ መጀመሪያ ላይ ይህ ባዶነት ከበደኝ። አንዱ ዘማሪ ሲያዜም ሌሎቹ አንዲት ድምፅ ብቻ፣ ዝቅ አድርገው፣ ሳያቋርጡ ይይዙለታል። ዜማው በዚያች ድምፅ ላይ ወፍ በነፋስ ላይ እንደሚንሳፈፍ ይሄዳል። ከዚያ ከውስጥ «ኪሪዬ ኤሌይሶን» ተባለ፤ ሕዝቡም መለሰ። አሁንም። አሁንም።

ኪርያላይሶን! በሰሙነ ሕማማት ስንሰግድ፣ ግንባራችን መሬት ሲነካ፣ በሺህ አፍ የሚወጣው ቃል ነው። የስግደቱ ላብ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል የሚነሣው የሣር ሽታ፣ የእናቴ ነጠላ ጫፍ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡብኝ። ከሕዝቡ ጋር አብሬ አልኩ፤ ግን በእኛ ዜማ፣ በቀስታ። ከፊቴ የቆመች ትንሽ ልጅ ዞር ብላ አየችኝና ተመልሳ ወደ ፊት ዞረች።

በመጨረሻ አምስት ትልልቅ ጣፋጭ ዳቦዎች ተባርከው ተቆረሱ፤ አምስቱን እንጀራ ለማሰብ ነው። ኪሪያ ከሰው መካከል ፈልገው አገኙኝና ከድርሻቸው ግማሹን በእጄ አስቀመጡ።

ሐሙስ፣ መስከረም 16

በዓሉ። ቅዳሴው በግንቡ ውስጥ፣ ሕዝቡ ከነሐሴ የቀረውን ሙቀት ተቋቁሞ በአዲስ ልብስ። ከቅዳሴ በኋላ ፑጊያ የሚባለውን የደሴቲቱን ጣፋጭ፣ በሊጥ ከረጢት የተቋጠረ ለውዝ የሞላበትን፣ ሰው ሁሉ ለሰው ሁሉ ያድላል። ባርባ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ከወትሮው አሥር ዓመት አንሰው መጡ።

ከሰዓት በኋላ ግን ልቤ አዲስ አበባ ነበር። መስከረም 16 ነዋ! ደመራ ነው። በዚያው ሰዓት መስቀል አደባባይ ላይ ችቦው ተሰብስቦ፣ ዘማሪው ነጭ ለብሶ፣ አደይ አበባው ጫፉ ላይ ታስሮ ቆሟል። እናቴን ደወልኩላት፤ ከሰፈራችን ደመራ አጠገብ ቆማ ነበር፤ የሴቶቹ እልልታ ስልኩን አልፎ ጆሮዬን መታኝ።

«ዘነበብን እኮ!» አለች እየጮኸች። «ችቦው ሊረጥብ ነው!»

«እናንተ ዘንድ አልወጣም ማለት ነው ክረምቱ?»

«ሲወጣ አይደል? ሲሰናበት እኮ ነው! አንተ ዘንድስ ዝናብ አለ?»

«ገና ነው። እየጠበቁት ናቸው።»

ጥቂት ዝም አለች። «ድንቅ ነው» አለች ከዚያ። «አያትህ ይህን ሰምተው ቢሆን።» ሌላ ምን እንደምትል አላወቀችም፤ እኔም አላወቅኩም፤ ግን ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም። ደመራው ሲቀጣጠል፣ እሳቱ ሲንጣጣ፣ በአንድ ጆሮዬ ያንን እየሰማሁ በሌላው የስካላን ማዕበል ሰማሁ።

ዓርብ፣ መስከረም 17

መርከቤ የሚነሣው ማታ ነው። ቀኑን በሰሜኑ ጫፍ፣ ላምፒ በሚባለው ባሕር ዳር አሳለፍኩት። ጠጠሩ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ነጭ በመስመር በመስመር የተሳለበት ነው፤ ማዕበል ሲመለስ ሁሉም አብሮ ይንኳኳል። «ድምፁም እንደ ብዙ ውኃዎች ድምፅ ነበረ» ተብሎ የተጻፈው ምን እንደሚመስል እዚያ ተቀምጬ አደመጥኩ። ጠጠሩን መውሰድ ክልክል ነው፤ አልወሰድኩም።

በራእዩ መጨረሻ አካባቢ «ባሕርም ወደ ፊት የለም» የሚል ቃል አለ። አያቴ ይህን ሲያነቡ ለምን ባሕር እንደሚጠላ አልገባኝም ነበር፤ ባሕር አይተን አናውቅም። በአንድ ጉባኤ አብሮኝ ፊደል የቆጠረ፣ እንጀራውን ከእንጀራዬ ጋር ያዋሐደ ጓደኛ ነበረኝ። በሊቢያ በኩል ወጥቶ በዚሁ በሜዲትራኒያን ውስጥ ቀረ። የዚህ ባሕር ውኃ ደግሞ ከዚያኛው ጋር አንድ ነው። ጫማዬን አውልቄ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ውኃው ከበጋው የተረፈ ሙቀት ነበረው፤ ደግ ነበረ፤ ይህም ነው ይበልጥ ያመመኝ። ስሙን ጠርቼ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩለት። ወደ ማዶ፣ ከሰሜን የሳሞስ ደሴት ተራሮች ይታያሉ፤ ከምሥራቅ የእስያ ምድር እንደ ጭስ። ዮሐንስ የጻፈላቸው ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ከዚያ ማዶ ነበሩ፤ ኤፌሶን፣ ሰምርኔስ፣ ሌሎቹም። በጥሩ ቀን ምድራቸው ይታየው ነበር፤ መሄድ ግን አይችልም። ያ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ሊጽፍ ኖሯል?

ማታ ኪሪያ እስከ ወደቡ ሸኙኝ፤ አይሆንም ብላቸው አልሰሙም። የደረቀ በለስ በወረቀት፣ የበሶብላ ዘር በትንሽ ጨርቅ ቋጥረው ቦርሳዬ ውስጥ አስገቡ።

«ለእናትህ» አሉ። «ለወጥ ውስጥ ከሆነም ይሁን።»

መርከቡ ሲቀርብ እጃቸውን ሳምኩ። «ካሎ ሂሞና» አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉን ከእኔ አፍ ሲሰሙ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፤ ከዚያ ጣሪያቸው ወዳለበት ወደ ላይ።

አሁን ሰገነቱ ላይ ነኝ። የግንቡ መብራት ወደ ኋላ እየቀረ ነው። በሰሜን ምዕራብ፣ ከኢካሪያ ደሴት በላይ፣ ድምፅ የሌለው መብረቅ ደመናውን ከውስጥ አበራው፤ ጨለመ፤ እንደገና አበራው። አንዱ መርከበኛ ሥራውን ትቶ ወደዚያ ይመለከታል። ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጦ አሁን ከደቡብ ይመጣል፤ የውኃ ሽታ አለው።